ኒው ዲል ማንን አነሳ፣ ማንንስ በር ላይ ተወ?

ሰላም እንዴት ናችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ቼካችሁን አውጡና እዩት እስቲ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግስት ጡረታ) ብሎ 6.2 በመቶ ይቆርጣል አይደል? ባንክ ስትገቡ ደሞ ኤፍዲአይሲ የሚል ምልክት መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ታያላችሁ፣ ባንኩ ቢወድቅ ለብራችሁ ዋስ የሚሆነው የመንግስት ድርጅት ነው። ሁለቱም የመጡት በአንድ ክፉ ዘመን ነው፣ አሜሪካዊው ለሾርባና ለዳቦ በተሰለፈበት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት። ኒው ዲል የሚባለው ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከዛ ድቀት ለመውጣት ያወጣቸው ህጎችና ፕሮግራሞች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።

በኦክቶበር 1929 የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ወደቀ። ብዙ ሰው ጥፋቱ ያ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን አገሪቷን ወገቧን የሰበራት የባንኮቹ ነገር ነው። ከ1930 እስከ 1933 ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ባንኮች ተዘጉ፣ ያኔ ደሞ ባንክ ሲዘጋ ያስቀመጥከው ብር አብሮ ይሄዳል፣ ዋስትና የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚ «እዛ ባንክ ችግር አለ አሉ» የሚል ወሬ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ ብሬን ላውጣ ብሎ ይሮጣል፣ ባንኩ ደሞ አብዛኛውን አበድሮታል ካዝናው ውስጥ የለም፣ በቃ ደህና የነበረውም በዛው ይወድቃል። 1933 ሲደርስ ከአራት ሰራተኛ አንዱ ስራ አልነበረውም።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት ማርች 4 ቀን 1933 ስልጣን ያዘ። በሁለተኛው ቀን ምን አደረገ፣ የአገሪቷን ባንኮች በሙሉ ዘጋ! በዛ ሳምንት ህግ ወጣ፣ ተቆጣጣሪዎች የትኛው ባንክ ደህና እንደሆነ መለየት ጀመሩ፣ እሁድ ማታ ማርች 12 ፕሬዝዳንቱ ሬድዮ ላይ ቀርቦ ባንክ የሰጣችሁትን ብር ምን እንደሚያደርገው ለገበሬውም ለፋብሪካ ሰራተኛውም በሚገባ ቋንቋ አስረዳ፣ ፍራሽ ስር ከምታስቀምጡት የተከፈተ ባንክ ይሻላችኋል አለ። በማግስቱ ባንኮቹ መከፈት ሲጀምሩ ሰዉ ተሰለፈ፣ ግን አሁን ሊያስገባ ነው የተሰለፈው! በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተደበቀው ብር ከግማሽ በላይ ተመለሰ። ከዛ ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ ኤፍዲአይሲ እስከ 2,500 ዶላር ድረስ ዋስ ሆነ (ዛሬ 250 ሺህ ነው)፣ በዛ ዓመት ዋስትና ካላቸው ባንኮች የወደቁት 9 ብቻ ናቸው። ከ9 ሺህ ወደ 9። ለኔ ከኒው ዲል ሁሉ ትልቁ ስራ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ብር አልፈሰሰበትም፣ የሰው ፍርሃት ላይ ነው የሰራው።

ስራው ግን እንደዚህ በሳምንት አልመጣም። ሲሲሲ የሚባል ፕሮግራም ነበር፣ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ጫካ ገብተው ዛፍ ይተክላሉ፣ መንገድ ይሰራሉ፣ ደሞዙ በወር 30 ዶላር ነው፣ ከሱ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። እናቱን ለመርዳት ብር የላከ ሰው ይቺን በደንብ ያውቃታል። ልጁ 5 ዶላር ይዞ ይቀራል፣ ቤት ያሉት ኪራይ ይከፍላሉ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ይሸጣል፣ ብሩ እንደዛ እየዞረ ነው ኢኮኖሚው የተንቀሳቀሰው። በኋላ ደብሊውፒኤ የሚባለው ሌላ የመንግስት የስራ ፕሮግራም መጣ፣ እስከ 1943 ድረስ ወደ 8 ሚሊዮን ተኩል ሰው ቀጠረ፣ ዛሬ ድረስ የሚነዳበት መንገድና ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ ኤርፖርት ተሰራ።

ታዲያ ድቀቱ አለቀ? አላለቀም። 1937 ላይ ስራ አጡ ገና 14 በመቶ አካባቢ ነበር፣ ይሄ ቁጥር በነዚ ፕሮግራሞች የሚሰራውንም ስራ አጥ ብሎ እንደሚቆጥር አትርሱ። ያኔ መንግስት ተሻለን ብሎ ወጪ ቀነሰ፣ ፌደራል ሪዘርቭ የሚባለው ማዕከላዊ ባንክ ደሞ ባንኮቹ ሳያበድሩ የሚይዙትን መጠባበቂያ ከፍ አደረገ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብርም በዛው ዓመት መቆረጥ ጀመረ፣ ሶስቱ ባንዴ ሲመጡ በ1938 ስራ አጡ ተመልሶ ወደ 19 በመቶ ወጣ። ህመምተኛው ቀና ሲል መድሃኒቱን እንደመንጠቅ ነው። ሁሉም ስራ ያገኘው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያመኝ ልምጣ። የእርሻ ፕሮግራሙ ዋጋ እንዲጨምር ብሎ ገበሬው ትንሽ እንዲያመርት ይከፍል ነበር። በ1933 የበቀለ ጥጥ ተገለበጠ፣ 6 ሚሊዮን ገደማ አሳማ ታረደ፣ ሰው እየተራበ ማለት ነው። ዋጋው ወጣ፣ እውነት ነው። ግን ቼኩ የሚሄደው ለባለመሬቱ ነው። ደቡብ ውስጥ መሬቱን የሚያርሰው፣ እኛ ጭሰኛ የምንለው፣ ጥቁርም ነጭም ድሃ፣ ድርሻው እንዲሰጠው ተብሎ ነበር፣ ብዙ ባለመሬት ግን ብሩንም ያዘ፣ የሚታረሰው መሬት ስለቀነሰም አትፈለግም ብሎ አስወጣው። መንግስት ሊረዳ ባወጣው ብር ቤተሰብ መንገድ ላይ ወጣ።

ሶሻል ሴኩሪቲም 1935 ላይ ሲፀድቅ የእርሻ ሰራተኛውንና የቤት ሰራተኛዋን አላካተተም። ደቡብ ውስጥ ብዙው ጥቁር ሰራተኛ የተሰማራው ደሞ በነዚ በሁለቱ ነው። ሰው ቤት ስታበስል፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሴት ስታረጅ ጡረታ የላትም ማለት ነው። በቋሚነት የተቀጠሩት ህጉ ውስጥ መግባት የጀመሩት በ1950 ማሻሻያ ነው፣ ከ15 ዓመት በኋላ። ዛሬ አሜሪካ ሰው ቤት ልጅ የምትይዝ እህታችን ቼኳ ላይ የምታያት ያቺ 6.2 በመቶ፣ ለነዛ ሴቶች ያኔ የተከለከለችው እሷ ነች።