የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የጥንቶቹ ቤዝ ሰራቂዎች

በቤዝቦል ጨዋታ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ኳስ ሲወረውር፣ ሯጩ ማንም ሳይመታለት ተፈትልኮ ቀጣዩን ቤዝ (ሯጮች በየተራ የሚይዙትን የሜዳ ማረፊያ) ከያዘ ቤዝ ሰረቀ ይባላል። ስለዚሁ የገቡ ጥያቄዎችን የልጆች አሰልጣኝና የቤዝቦል ታሪክ ተከታታይ የሆኑት እንግዳችን መልሰዋል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ በአንድ ዓመት ብዙ የሰረቀው ማነው?

ሂዩ ኒኮል፣ በ1887 ለሲንሲናቲ 138። ከ1898 በፊት መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ።

ከሲያትል፦ ታዲያ ሪኪ ሄንደርሰን በ1982 የሰረቀው 130 ለምን ሪከርድ ይባላል?

ይህን ሁሌም እጠየቃለሁ፣ መልሴም ሁሌ አንድ ነው፦ ዓመቱን እዩ። ስርቆት በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1886 ነው። እስከ 1897 ድረስ፣ የቡድን ጓደኛው ኳስ ሲመታ ከአንደኛ ቤዝ ተነስቶ ሦስተኛ የገባ ሯጭም ስርቆት ይጻፍለት ነበር። ዛሬ ለዚህ ምንም አይቆጠርም። ደንቡ የጠበበው በ1898 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሄንደርሰንን የ1982 ቁጥር ያለፈ የለም።

በ1887 ኒኮል ብቻውን አልነበረም። አርሊ ላተም 129፣ ቻርሊ ኮሚስኪ 117፣ ጆን ዋርድ 111 አላቸው። ፈጣኖች ነበሩ፣ አልክድም። ግን ይህን ሁሉ ሰው ከመቶ ያሻገረው እግሩ ብቻ አይደለም፤ የመዝጋቢው እስክሪብቶም ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ቢሊ ሃሚልተንስ?

በሙሉ ዘመኑ ከ900 በላይ። አብዛኛው ከ1898 በፊት ነው፤ አሁንም ዓመቱን እዩ።

ከዳላስ፦ የድሮዎቹ ሲሰርቁ ስንቴ ተያዙ?

ያኔ አይመዘገብም ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። የጀግኖቹን ታሪክ እያነበበ፣ እጁን አስቀድሞ በደረቱ ቤዝ ላይ ይወረወራል። አባቱም «ጎበዝ!» ይለዋል። ጣቱ ካበጠ ሳምንት ሆነው።

እህቴ፣ ይህንን ዛሬውኑ አስቁሚው። አባትየውም ይስማኝ፤ ይህ ጉብዝና አይደለም። በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ ቀድሞ ቤዙን የሚመታው የጣት ጫፍ ነው። ከዚያ የተከላካዩ ጫማ እጁ ላይ ያርፋል፣ ጉልበቱ ደግሞ ጭንቅላቱን ያገኘዋል። ሄንደርሰን በደረቱ ይገባ ነበር፣ እውነት ነው። እሱ ግን ያደገ፣ የሰለጠነ ባለሙያ ነበር። በሊትል ሊግ (በልጆች የቤዝቦል ሊግ) እስከ 12 ዓመት ባሉት ምድቦች ወደፊት እየሮጠ በጭንቅላቱ የገባ ልጅ ወዲያው አውት ነው፣ ማለትም ከሩጫው ይወጣል። ደንቡ ያለ ምክንያት አልተጻፈም።

ጀግና ከፈለገ ሃሪ ስቶቪን ያንብብ። በ1880ዎቹ ቀድመው ዳሌያቸውን በመከላከያ ሸፍነው መንሸራተት ከጀመሩት አንዱ ነው ይባልለታል። ፈጣንም ቢሆን ሰውነቱን ይጠብቅ ነበር።

በእግር መግባትን አስተምሩት። አንዱ እግር ታጥፎ ከሥር፣ ሌላው ወደ ቤዙ ተዘርግቶ፣ መቀመጫው መሬት ይንካ። አገጭ ወደ ደረት፣ እጆች ወደ ላይ። መጀመሪያ ጫማ አውልቆ እርጥብ ሣር ላይ ይለማመድ። ደረቅ ሜዳ ላይ እንዳትጀምሩ፣ አደራ።

ጣቱን ግን እኔ በስልክ አላየውም። በልጅ ጣት ውስጥ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል አለ፣ እሱ ከተጎዳ ጣቱ ተጣሞ ሊቀር ይችላል። ነገ ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ራጅ ይነሣ። በበረዶና በቅባት አትሸነጋግሉት።

ከቶሮንቶ፦ በቤዞች መካከል ያለው ርቀት ያኔም እንደዛሬው ነበር?

አዎ፣ 90 ጫማ፤ 27 ሜትር ተኩል ገደማ። የተለወጠው የፒቸሩ ቦታ ነው። በ1893 ከመቺው እንዲርቅ ተደርጎ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ሆነ፤ እስከዛሬም እዚያው ነው።