ዘጠኝ ሲዲ ወይስ አራት? የሶል ነጠላ ዜማዎችን ሣጥን ስለ መምረጥ

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝና ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ አንድ የሶል ሣጥን ብቻ የምገዛበት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ የትኛውን ልግዛ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሶል የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት ነው፤ ሣጥን የምትለው ደግሞ አንድ የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያ በየጊዜው ያወጣቸውን ነጠላ ዜማዎች ሰብስበው፣ በብዙ ሲዲ ላይ አድርገው፣ ከወፍራም መጽሐፍ ጋር የሚሸጡትን ጥቅል ነው። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሣጥኖች ላይ ሲያርፍ ተጠራጠርሁና፣ «ላስብበትና ልደውልልሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ሳወጣ ሳወርድ የሰነበትሁትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈኑ ሁሉ ስልክ ውስጥ እያለ ሣጥን ምን ያደርጋል የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ለጥቂት ዓመታት እንዲሁ ስል ነበር። በ1960ዎቹ ግን አንድ የሶል ዘፈን ለሕዝብ የሚደርሰው በትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ ነበር። ያቺ ሸክላ የምትዘጋጀው በሬዲዮ፣ በመኪና ድምፅ ማጉያና በቡና ቤት ጁክ ቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ በሚያጫውት ማሽን) እንድትሰማ ስለሆነ፣ ዘፋኙም ከበሮውም ባሱም በሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር፣ አንድ ላይ ተጠቅጥቀው፣ ከመሀል እንደ ቡጢ ይወጣሉ። ስልክ ላይ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ለአልበም የተሠራው የስቴሪዮ ቅጂ ነው፤ በዚያ ዘመን የስቴሪዮ ልማድ ደግሞ ዘፋኙ በአንድ ወገን፣ ባንዱ በሌላው ወገን የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። አውቶቡስ ውስጥ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አውልቄ ሳዳምጥ ዘፋኙ ጨርሶ ጠፍቶ ከጊታርና ከጡሩምባ ጋር ብቻ የቀረሁበትን ቀን አልረሳውም።

ከዚህ የባሰም ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ፣ ሽፋኑ ላይ የታወቁ ዘፋኞች ስም የተደረደረበትን ባለ ሦስት ሲዲ ሣጥን በርካሽ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ዘፋኞቹ እነዚያው ናቸው፤ ሆኖም ድምፃቸው አርጅቷል፣ ከበሮውም የኤሌክትሮኒክስ ነው። ሣጥኑን ገልብጬ ባየው፣ ከታች፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ ዘፈኖቹ በራሳቸው በዘፋኞቹ እንደ ገና የተቀዱ መሆናቸው ተጽፏል። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያላነበብሁት። ዋናው ቅጂ የኩባንያው ንብረት እንጂ የዘፋኙ ስላልሆነ፣ ብዙ ዘፋኞች በስተርጅና የራሳቸውን ዝነኛ ዘፈን ለሌላ ኩባንያ እንደ ገና እየዘፈኑ ጥቂት ገንዘብ ያገኙ ነበር። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የምሰጣት የመጀመሪያው ምክር ሣጥኑን ከፊቱ በፊት ከጀርባው እንድታነብ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሣጥኖች ልመለስ። አንደኛው በ1992 የወጣውና ከ1959 እስከ 1971 ያለውን የሞታውን ኩባንያ ዘመን የሚሸፍነው «ሂትስቪል ዩኤስኤ» ነው፤ በአራት ሲዲ 104 ዘፈኖችን ይዟል። በሪ ጎርዲ ሞታውንን በዲትሮይት ከተማ የጀመረው በ1959 ሲሆን፣ መነሻ ገንዘቡም ቤተሰቡ በየወሩ እያዋጣ ካጠራቀመው የጋራ ቁጠባ የተበደረው 800 ዶላር ነበር፤ ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ጎርዲ በየሳምንቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ አዲስ የተቀዱትን ዘፈኖች ያሰማቸውና ድምፅ ያሰጣቸው ነበር። በኪሳቸው የቀረችው የመጨረሻ ዶላር ብትሆን ሸክላውን ይገዙባት ወይስ ሳንድዊች ይበሉባት እንደ ሆነም ይጠይቃቸው ነበር ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ ከዚያ ስብሰባ ያለፈው ብቻ ለገበያ ወጣ፣ ከወጣውም ውስጥ ሣጥኑን ያዘጋጁት ሰዎች 104 መረጡ። የምርጫ ምርጫ ነው። ከመጀመሪያው ሲዲ እስከ አራተኛው ድረስ ደካማ ዘፈን ለመፈለግ ብትደክሙ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ቅሬታዬም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ሁሉም አሸናፊ በሆነበት ቦታ ውድድር አይታይም። ለምሳሌ «አይ ኸርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን» የተባለውን ዘፈን በ1967 በግላዲስ ናይትና በፒፕስ ድምፅ፣ በ1968 ደግሞ በማርቪን ጌይ ድምፅ አወጡት። በወጡበት ቀን ከተደረደሩ ማርቪን ጌይ የግላዲስ ናይትን ዘፈን አዘግይቶና አጨልሞ የዘፈነው ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የማርቪን ጌይ ቅጂ ቀደም ብሎ ተሠርቶ፣ በዚያው ስብሰባ ተቀባይነት አጥቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነበር። የአሸናፊዎች ሣጥን እንዲህ ያለውን የጓዳ ጉድ ከጆሮ ይሰውራል፤ የምታገኙት ከመጽሐፉ ነው።

ሁለተኛው ሣጥን በ1991 አትላንቲክ የተባለው ኩባንያ ያወጣው፣ ከ1959 እስከ 1968 የወጡት የስታክስ ኩባንያና የእኅት መለያው የቮልት ነጠላ ዜማዎች ስብስብ ነው፤ ዘጠኝ ሲዲ፣ 244 ዘፈኖች። በስታክስ ላይ ትንሽ ብቆይ ትፈቅዱልኛላችሁ፤ አድልዎዬን ከወዲሁ አልደብቅም። የስታክስ መሥራች ጂም ስቱዋርት የባንክ ሠራተኛና የካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። እኅቱ ኤስቴል አክስተን ቤቷን አስይዛ ተበድራ የመቅጃ መሣሪያ ገዛችለት፤ ኩባንያው በኋላ «ስታክስ» የተባለውም ከሁለቱ ስም መነሻ ፊደላት ነው። በ1960 በሜምፊስ ከተማ፣ በማክሌሞር ጎዳና ላይ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ተከራዩ፤ ወንበሮቹን አነሡ፣ ወደ መድረኩ የሚያዘቀዝቀውን ወለል ግን እንዳለ ተዉት። የስታክስ ዘፈኖች እንደ ትልቅ አዳራሽ የሚያስተጋባ ድምፅ ያላቸው ስለዚህ ነው። ቀድሞ ከረሜላና ፈንዲሻ ይሸጥበት በነበረው መግቢያ ላይ ደግሞ ኤስቴል የሸክላ ሱቅ ከፈተች፤ የሰፈሩ ወጣቶች ሲገዙ ሲሸጡ የሚወዱትንና የሚጠሉትን ይነግሯታል፣ እሷም ከመጋረጃው ወዲያ ላሉት ሙዚቀኞች ታደርሳለች።

ሣጥኑ የሚከፈተው ቬልቶንስ በተባለ ቡድን «ፉል ኢን ላቭ» ነው። በ1959 የወጣ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የቡድን ዘፈኖች ለስለስ ያለ፣ ማንም ሊያወጣው የሚችል ዘፈን። ሁለተኛው ላይ አባትና ልጅ፣ ሩፎስና ካርላ ቶማስ፣ «ኮዝ አይ ላቭ ዩ» ብለው ሲገቡ ወለሉ ይነቃነቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን ድል አይደለም፤ ማንንም ትዝ የማይለው ዘፋኝ ይመጣል፣ የሌላ ከተማን ስልት የሚኮርጅ ዘፈን ይመጣል፣ ቀልድ ይመጣል። እነዚህን መዝለል ይቻላል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት እየዘለልሁ ነበር። ሳልዘል ስሰማው ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገባኝ፦ ያ ጊታር፣ ያ ኦርጋን፣ ያ ጡሩምባ በደካማው ዘፈን ላይም እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ ከሳምንት ሳምንትም እርስ በርሳቸው እየተላመዱ ይሄዳሉ። የስታክስ ትልቁ ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ ሲደርስ ቤቱ ተሰናድቶ ጠብቆታል።

ስለዚህ ሣጥን ሁለት ነገር ካልነገርኋት ግን አታለልኋት ማለት ነው። የመጀመሪያው፣ «ሙሉ» ተብሎ ቢሸጥም ሙሉ አለመሆኑ ነው፤ ሳይድ ኤውን (የሸክላዎቹን ፊት) በሙሉ ይዞ ከሳይድ ቢ (ከጀርባቸው) ግን የተመረጠውን ብቻ ነው ያስገባው። ይህ በስታክስ ታሪክ ቀላል ጉድለት አይደለም። በ1962 የቤቱ ሙዚቀኞች ሌላ ዘፋኝ ለመቅዳት ተሰብስበው፣ ክፍት ጊዜ ሲያገኙ «ቢሄቭ ዩርሰልፍ» የተባለ ቀስ ያለ ብሉዝ ተጫወቱ፤ ስቱዋርት ወደደውና ለሸክላው ጀርባ የሚሆን ሌላ ነገር ጠየቃቸው። የ17 ዓመቱ ቡከር ቲ ጆንስ በኦርጋኑ የጀመረው ያ የጀርባ ሙሌት «ግሪን አኒየንስ» ነው፤ ሬዲዮኖች ሸክላውን ገልብጠው አጫወቱት፣ ኩባንያውም ፊቱን ጀርባ፣ ጀርባውን ፊት አድርጎ እንደ ገና አወጣው። የቀሩት የጀርባ ዘፈኖች ብዙዎቹ የተሰበሰቡት በ2018 በወጣው ባለ ስድስት ሲዲ የስታክስ ስብስብ አራተኛ ቅጽ ነው።

ሁለተኛው፣ ሣጥኑ በ1968 የሚያበቃው ሙዚቃው ስላበቃ አለመሆኑ ነው። ስታክስ ሸክላዎቹን የሚያከፋፍልለት አትላንቲክ ነበር፤ ነገሩ በእምነትና በእጅ መጨባበጥ ሲሄድ ቆይቶ በ1965 በጽሑፍ ሆነ። ስቱዋርት ውሉን ሳያነብ ፈረመ። አትላንቲክ በ1967 ለሌላ ኩባንያ ሲሸጥ ስቱዋርት ውሉን ገለጠው፤ እስከዚያ ቀን በማክሌሞር ጎዳና የተቀዳውና አትላንቲክ ያከፋፈለው ሁሉ የአትላንቲክ ንብረት ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኦቲስ ሬዲንግ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። ስለዚህ ይህን ዘጠኝ ሲዲ ሣጥን የዘጋው የውል አንቀጽ ነው፤ ከ1968 በኋላ ያለውን በሌላ ኩባንያ ስም፣ በሌላ ሽፋን፣ በ1993 እና በ1994 በወጡት ሁለት ሣጥኖች ትገዛላችሁ። ትንሽ ፊደል ያላነበብሁት እኔ ብቻ አለመሆኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያጽናናኛል።

ሌሎችም አሉ። ከ2005 ጀምሮ በ14 ቅጽ የወጣው የሞታውን ሙሉ ስብስብ ሳይድ ቢውንም፣ ሞታውን የሞከራቸውን የካንትሪ ዘፈኖች ሳይቀር ይዟል፤ ግሩም ነው፣ ግን ለቤተ መጻሕፍት እንጂ ለጀማሪ አይሆንም። ራይኖ የተባለው ኩባንያ በ1997 ያወጣው ባለ ስድስት ሲዲው ደግሞ፣ የድሮ የ45 ሸክላ መያዣ ቦርሳ መስሎ የተሠራው፣ ከየኩባንያው 144 ዘፈኖችን የለቃቀመ ነው። ለግብዣ ከእሱ የሚሻል የለም።

እኛም እኮ ይህን ጉዳይ በራሳችን ዘፈን አይተነዋል። አምኃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያወጣቸው መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎች፣ ጄምስ ብራውንን አጥብቆ ያዳምጥ የነበረውን የዓለማየሁ እሸቴን ሥራዎች ጨምሮ፣ ለእኔ ትውልድ በብዛት የደረሱት ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ ባሳተማቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ነው። እነዚያን ሲዲዎች እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ ሸክላ በየትኛው ሳምንት ከየትኛው ተከትሎ እንደ ወጣ፣ ያልተሳካውስ የቱ እንደ ነበር ሰምቼ አላውቅም፤ የሰማሁት የተመረጠውን ነው። የስታክስ ሣጥን ላይ የምቀናው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ደወልሁላት። የምታበስይበትና የምትጨፍሪበት ከፈለግሽ አራቱን ሲዲ ግዢ፤ አንድ ቤት እንዴት ድምፅ እንዳወጣ መስማት ከፈለግሽ ግን ዘጠኙን፣ አልኋት። ከመግዛቷ በፊት የእኔን የመጀመሪያ ሲዲ እንድትሞክር ላክሁላት። ከሁለት ቀን በኋላ መልሳ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቬልቶንስ የሚሉት ምንድን ነው? እስከ መቼ ልታገስ?»

«‹ላስት ናይት› የሚባለው ዘፈን እስኪመጣ» አልኋት።