ከሮም የአንድ ቀን ሽርሽር፦ በባቡር ወይስ በመኪና?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ የእናንተኑ ጥያቄ ነው ይዤ የመጣሁት። ሮም ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው፣ ከጀርመን ከስዊድን ለዕረፍት ብቅ የሚለው፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "ሮምን አየናት፤ አንድ ቀን ደግሞ ወጣ ብለን እንመለስ። በባቡር ይሻላል ወይስ መኪና እንከራይ?"

እኔም በጥያቄ ነው የምመልሰው። የት ልትሄዱ ነው? "እሱን ገና አልወሰንንም።" ይኸው! ሰዉ መጀመሪያ መኪና ይከራይና ከዚያ በኋላ ካርታ ይዘረጋል። መጀመሪያ ቦታው ይታወቅ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ፦ የት ያወርደኛል? ባቡሩ የት ያወርደኛል? መኪናውስ የት ያወርደኛል? ይቺን ያዙልኝ፣ ዛሬ ደጋግሜ ነው የምላት።

ከዚያ በፊት ስለ ወጪ። ወጪውን ግን በበግ ነው የማስረዳችሁ፣ አትሳቁ። ለፋሲካ በግ መግዛትና ከሉካንዳ ሁለት ኪሎ ሥጋ መግዛት አንድ ነው? በግ ተራ ወጣችሁ፣ ወገቡን ጨበጣችሁ፣ ላቱን መዘናችሁ፣ ተከራክራችሁ ዋጋ ቆረጣችሁ። ረከሰ ብላችሁ ደስ አላችሁ። ከዚያስ? ተሸክሞ የሚያደርሰው ይከፈለዋል። ቤት ሲደርስ ሣር ይፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ባ እያለ ሰፈሩን አያስተኛም። ሲነጋ አራጅ ይለመናል፣ የበዓል ቀን አራጅ ደግሞ ስልክ አያነሳም! አሁን ሁሉንም ደምሩት። በጉ ገበያ ላይ በተባለው ዋጋ ነው የተገዛው?

የኪራይ መኪናም እንደዚሁ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩዋት ትንሽዬ ቁጥር የበጉ ዋጋ ናት። ሙሉ ኢንሹራንስ ስትጨምሩ፣ ያ ሣሩ ነው። ነዳጁ፣ የአውቶስትራዳው (የፈጣን መንገዱ) ክፍያ፣ ፓርኪንጉ፣ አራጁና ተሸካሚው። ካርዳችሁ ላይ የሚያዘው የመያዣ ገንዘብ ደግሞ እሱ ነው ሌሊቱን ሙሉ ባ የሚለው፤ እስኪለቀቅ እንቅልፍ የለም። ባቡር ሁለት ኪሎ ሥጋ ነው፤ ከፍላችሁ፣ አንጠልጥላችሁ መሄድ ነው። ግን ቤተሰቡ ብዙ ከሆነስ? ያኔ በጉ ነው የሚያዋጣው። አራት አምስት ሆናችሁ መኪና ብትከራዩ እኔ ራሴ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ለብቻው በግ ገዝቶ የሚያርድ ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሺ፣ በጉን እዚህ ላይ እንተወው። ጾም ላይ ያላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

[ካርታ፦ ሮም፣ ወደ ሰሜን ኦርቪዬቶ]

ኦርቪዬቶ። ከሮም ወደ ሰሜን ነው፣ በሬጆናሌው (ፈጣን ባልሆነው የአካባቢ ባቡር) አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ከተማዋ አምባ ላይ ናት፣ ዙሪያዋ ገደል። እና የት ያወርደኛል? ከገደሉ ሥር! አትደንግጡ፣ ከጣቢያው በር ወጥታችሁ መንገዱን ስትሻገሩ ፉኒኮላሬ አለ፤ በገመድ እየተሳበ ሽቅብ የሚወጣ ትንሽ ባቡር። በሁለት ደቂቃ ገደማ ላይ ናችሁ። በመኪና የመጣው ሰውዬስ? እሱም አብዛኛውን ጊዜ ታች ጣቢያው ጋ አቁሞ እዚያው ፉኒኮላሬ ላይ ከእናንተ ጋር ይሳፈራል። ታዲያ መኪናው ምን ጠቀመው?

ፉኒኮላሬው ከሚያወርዳችሁ ቦታ አጠገብ አንድ ጉድጓድ አለ፣ ፖዞ ዲ ሳን ፓትሪዚዮ ይባላል። ሰው ካቴድራሉን ለማየት ሲጣደፍ አልፎት ይሄዳል፣ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። በ1527 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ ወታደሮች ሮምን ሲዘርፉ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ሰባተኛ ሸሽተው እዚህ አምባ ላይ ወጡ። ከተማዋ ብትከበብስ? ውኃ ከየት ይመጣል? አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ የሚባለውን አርክቴክት ጠሩና ቆፍር አሉት። ከ50 ሜትር በላይ ወረደ። ብልሃቱ ግን ደረጃው ላይ ነው፤ ጉድጓዱን ዙሪያውን የሚጠመዘዙ ሁለት ደረጃዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 248 እርከን። በቅሎው በአንዱ ወርዶ ውኃ ጭኖ በሌላው ይወጣል፣ ሁለት በቅሎ ፊት ለፊት አይገናኝም። ዛሬ እናንተ ስትወርዱ ግድግዳው ላይ በተፈለፈሉት መስኮቶች ማዶ የሚወጡትን ሰዎች ታያላችሁ፤ እጅ ትነሳሳላችሁ፣ ግን መንገድ ላይ አትገናኙም። ሹራብ ያዙ፣ ታች ይበርዳል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ደግሞ ይቅርባችሁ፣ በ1290 እ.ኤ.አ. መሠረቱ የተጣለው ካቴድራል ይበቃችኋል።

አሁን መኪናው የሚያስፈልግበትን ልንገራችሁ። ከኦርቪዬቶ ብዙም ሳይርቅ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ አለች። የቆመችበት አፈር እየተናደ ስለሆነ ጣሊያኖቹ "የምትሞት ከተማ" ይሏታል። በእግር ብቻ በሚኬድበት ረጅም ድልድይ ነው የሚገባው፣ መግቢያም ይከፈላል። ባቡር የለም። አውቶቡስ ከኦርቪዬቶ አለ፣ ግን በቀን ጥቂት ነው፣ እሑድና በዓል ቀን ሳታጣሩ እንዳትወጡ። በመኪና ከሆነ ግን ጠዋት ቺቪታ፣ ምሳ ቦልሴና ሐይቅ ዳር ዓሣ፣ ከሰዓት ኦርቪዬቶ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። እንዲህ ነው መኪና!

ቲቮሊ ደግሞ ሰዉን ይሸውዳል። ባቡር አለው፣ ከሮም ቲቡርቲና ጣቢያ ይሄዳል። ፏፏቴዎቹ ያሉበት ቪላ ዴስቴ ከተማው ውስጥ ነው፣ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት የሃድሪያኖስ ቤተ መንግሥት፣ ቪላ አድሪያና ግን ታች ሜዳው ላይ ነው፣ ሌላ አውቶቡስ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም በአንድ ቀን በባቡር አያለሁ የሚል ሰው ግማሹን ቀን ፌርማታ ላይ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው።

አሁን ኮሜንት ላይ ወደሚደጋገመው ልምጣ። "እህቴ፣ ባቡር ከወር በፊት ካልቆረጥሽ እሳት ነው!" ይህን በየቪዲዮው ሥር አያለሁ። ወገኖቼ፣ ይሄ ለፈጣኖቹ ነው! ፍሬቻሮሳና ኢታሎ እንደ አውሮፕላን ናቸው፣ በዘገያችሁ ቁጥር ይወደዳሉ። ናፖሊ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚያደርሳችሁ፣ ፍሎረንስ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያደርሳችሁ እነሱ ናቸው፣ አዎ፣ ቀድማችሁ ቁረጡ። ሬጆናሌ ግን ዋጋው በርቀት ነው። ከወር በፊትም፣ ከአምስት ደቂቃ በፊትም ያው ነው። ኦርቪዬቶ 10 ዩሮ ገደማ ነው፣ ዛሬም ነገም። የወንበር ቁጥር የለውም፣ አልቋል አይባልም። ጠዋት መስኮት ከፍታችሁ ዝናብ ካያችሁ ተመልሳችሁ ተኙ! የሬጆናሌ ጥቅሙ ይሄ ነው። እና እባካችሁ፣ "ሬጆናሌ የድሃ ባቡር ነው" ብሎ የጻፈልኝ ወንድሜ፣ አንተም ጋ ደርሻለሁ፤ ያው ተራራ ነው የምናየው፣ አንተ ቸኩለህ እንጂ።

ግን አደራ፣ የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት በማሽኑ ማስመታት ግዴታ ነው። በስልክ ከሆነ ቼክ ኢን አድርጉ። "ትኬት አለኝ እኮ" ብትሉ ተቆጣጣሪው ይቀጣችኋል። ማሽኑ ከተበላሸ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጻፉበትና ተቆጣጣሪውን እናንተ ቀድማችሁ ፈልጉት።

ተርሚኒ፣ ዋናው የሮም ባቡር ጣቢያ ላይ ደግሞ ሰሌዳው የባቡሩን መጨረሻ ነው የሚያሳየው፤ ኦርቪዬቶን ስትፈልጉ ፍሎረንስ ተብሎ ይጻፋል፣ በባቡሩ ቁጥር ለዩት። "1 ኤስት" ወይም "2 ኤስት" የሚል ቢናሪዮ (ባቡሩ የሚቆምበት መስመር) ከተጻፈ ሩቅ ነው፣ አሥር ደቂቃ ጨምሩ። በነገራችን ላይ ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች። ሻንጣችንን እየጎተትን የምናልፈው በነሱ ስም ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይወጣዋል፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና ጠብቁኝ።

መኪና ለወሰናችሁ ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ዜድ-ቲ-ኤል ማለት ያለ ፈቃድ በመኪና የማይገባበት የከተማ ክልል ነው። "ቫርኮ አቲቮ" ብሎ ካበራ ካሜራው እየቀረጸ ነው፣ እንዳትገቡ። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፣ አከራዩም ስማችሁን ለመስጠት ለብቻው ያስከፍላችኋል። ፓርኪንግ፦ ነጭ መስመር ነጻ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ የእናንተ አይደለም። አውቶስትራዳ ላይ የቴሌፓስ (በመሣሪያ በራሱ የሚከፈልበት) ብቻ የሆነው ቢጫ መግቢያ ውስጥ እንዳትገቡ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ኢንተርናሽናሉን ያዙ። ርካሾቹ መኪኖች ማንዋል ናቸው። ነዳጅ "ሰልፍ" (ወረፋ አይደለም፣ ራሳችሁ የምትቀዱበት) ከሚለው ቅዱ፣ ይረክሳል።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሾፔሮ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ መኖር አለመኖሩን እዩ። ዓርብ ዓርብ ይወዱታል፣ ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። በሥራ ቀን አድማም ቢሆን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 በእኛ አቆጣጠር የተወሰኑ ሬጆናሌዎች ይሄዳሉ። ጠዋት በዚያ ሄዳችሁ ማታ በዚያ ተመለሱ።

አርፍዳችሁ ለተነሳችሁ ደግሞ ኦስቲያ አንቲካ አለች። ፒራሚዴ ሜትሮ አጠገብ ካለው ፖርታ ሳን ፓኦሎ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ነው፣ የከተማው 1.50 ዩሮ ትኬት ይሠራል። የሚቀጥለው ቪዲዮ እዚያ ነው፤ ከጣቢያው ወርዳችሁ የእግረኛ ድልድዩን ተሻገሩ፣ የድሮው ከተማ በር ቅርብ ነው። የት ልሂድላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቻው ቻው!