ነገ ደውዪልኝ

እሺ። ቀይዋ መብራት በርታለች፣ እየቀዳ ነው ማለት ነው። እንዴት ሰነበታችሁ። ያው ቁምሳጥን ውስጥ ነኝ፣ ኮቶቹም ሰላም ብለዋችኋል። የባሌ ጥቁሩ ኮት ላውንደሪ ሄዷል፣ ድምፄ ካስተጋባ በሱ አመካኙ።

ዛሬ በይቅርታ ነው የምጀምረው። ባለፈው ሳምንት ቻናላችን ላይ የለጠፍኩት ታሪክ ነበረ አይደል? የሁለቱ የኦፔራ ዘፋኞች። አንዱ ሲታመም ጠላቱ ስሙን ደብቆ አሳከመው የሚለው። ውሸት ነው። እና አዎ፣ የላከችልኝ አክስቴ ናት። የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርቷ አክስቴ። በሷ አልፈርድም፣ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ላላነበባችሁት፦ ሆሴ ካሬራስ ካታላን ነው፣ የባርሴሎና ሰው፣ ፕላሲዶ ዶሚንጎ የማድሪድ ልጅ። በካታላንና በማድሪድ ፖለቲካ ተኳርፈው አንድ መድረክ ላይ አንወጣም ተባባሉ። ካሬራስ የደም ካንሰር ያዘው፣ ገንዘቡ አለቀ፣ አንድ ድርጅት ደረሰለት። ከዳነ በኋላ ሲያጣራ የድርጅቱ መሥራች ለካ ዶሚንጎ ነው። እግሩ ላይ ወደቀ። እኔ ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ እንባዬ ወረደ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ። ከዛ አንዳችሁ፣ ራሱን ያውቃል፣ "እስኪ አጣሪው" ብሎ ጻፈልኝ። አጣራሁ። የካሬራስ የራሱ ፋውንዴሽን ነው ይሄ ነገር አልሆነም ብሎ ያስተባበለው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ይቅርታ ብዬ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እሄድ ነበር። ችግሩ ሳጣራ እውነተኛውን አነበብኩት። እሱን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ካሬራስ በፈረንጆቹ 1946 ነው ባርሴሎና የተወለደው። እናቱ ፀጉር ሠሪ ነበረች፣ ልጁ ለደንበኞቿ ይዘፍናል። በ8 ዓመቱ ሬዲዮ ላይ ዘፈነ፣ በ11 ዓመቱ የከተማው ትልቁ ኦፔራ ቤት፣ ሊሴኡ፣ መድረክ ላይ ቆመ። 18 ዓመቱ ላይ እናቱ ሞተችበት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ተማረ፣ ይሄ ለምን እንደሚያስቀኝ አላውቅም፣ ሐበሻ ወላጅ ያለው ነው የሚመስለው። ከዛ 28 ዓመት ሳይሞላው ሃያ አራት ዋና ዋና ሚናዎች ተጫውቶ ነበር። እ... በኋላ ደግሞ የኛን አይዳ፣ ኦፔራውን ማለቴ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ግብፅ ተማርካ የሄደች፣ ጣሊያኑ ቬርዲ ነው የደረሰው፣ መጀመሪያ የታየው ካይሮ በ1871 ነው። ካሬራስ በ1979 ሳልዝበርግ ላይ የሚያፈቅራትን የግብፁን የጦር አለቃ ሆኖ ተጫወተ። ድምፅህ ለስላሳ ነው፣ ይሄ ሚና ይከብድሃል ያሉት ነበሩ። ለአክስቴ ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ፣ "ለኛ ልጅ ብሎ ነዋ!"

በ1987፣ በ40 ዓመቱ፣ ፓሪስ ላይ ኦፔራ ፊልም እየቀረፀ እያለ ሰውነቱ እምቢ አለው። ሉኬሚያ። የመዳን ዕድልህ ከአስር አንድ ነው ተባለ። ባርሴሎና፣ ከዛ እዚህ አሜሪካ ሲያትል። ኬሞ፣ ጨረር፣ በመጨረሻ የመቅኔ፣ አጥንት ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ ንቅለ ተከላ። የራሱን መቅኔ አውጥተው፣ አፅድተው፣ መልሰው ለራሱ። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። በ1988 ሐምሌ ላይ ባርሴሎና አደባባይ ወጥቶ ዘፈነ፣ 150 ሺህ ሰው መጣ። በዚያው ዓመት ፋውንዴሽኑን አቋቋመ። ሦስቱ ቴነሮች የሚባሉት (ቴነር ማለት ቀጠን ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ ነው)፣ በጣሊያኑ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዋዜማ፣ በ1990 ሮም ላይ አብረው የዘፈኑት፣ ከገቢው ወደዚያው ፋውንዴሽን ገብቷል። ካሬራስ፣ ፓቫሮቲ፣ ዶሚንጎ። ዶሚንጎ! አንድ መድረክ አንወጣም ያለው ዶሚንጎ!

አባዬን ጠየቅኩት፣ ያንን ኮንሰርት ታስታውሳለህ ወይ ብዬ። "የ82ቱ ዓለም ዋንጫ? ሮጀር ሚላ!" አለኝ፣ በኛ አቆጣጠር ነው እሱ። ሃያ ደቂቃ ስለ ሚላ። ካሜሩን አርጀንቲናን ያሸነፈች ለት ጎረቤት ቤት ቲቪ ላይ ስንት ሰው እንደተደራረበ፣ ሚላ የማዕዘን ባንዲራዋ ጋ ሄዶ እንዴት እንደጨፈረ። ቴነሮቹን አያውቃቸውም።

እየሸሸሁ ነው፣ አይደል? አውቃለሁ።

ካሬራስ በ1991 የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ አቋቋመ፣ ለመላው ስፔን። ዘመድ መሆን የለብህም፣ ትመዘገባለህ፣ የሆነ ቦታ ያለ የማታውቀው ሰው ከአንተ ጋር ከገጠመ ይደወልልሃል። ሰውየው ድምፁን ይዞ መኖር ይችል ነበር። ከማንም መቅኔ አልወሰደም፣ የራሱ ነው የመለሱለት፣ የማንም ዕዳ የለበትም። ሄዶ ግን ለሌላው ስልክ የሚደወልበትን ነገር ሠራ።

ስልክ።

እሺ። ይሄን አንድም ቀን እዚህ አውርቼው አላውቅም።

መጋቢት ነው። ቅዳሜ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐበሻ ሱቁ ፊት ለፊት ያለው ፓርኪንግ። ለአክስቴ ማኅበር 40 እንጀራ ይዤ ወጥቻለሁ። ትኩስ ነው፣ ፌስታሉ ከውስጥ አልቦታል፣ እንዳይጣበቅ እየተሳሳሁለት መኪናዋን ከኋላ ከፍቻለሁ። ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ታውቁኛላችሁ፣ የማላውቀው ቁጥር አላነሳም፣ ያ የመኪናሽ ዋስትና ሊያልቅ ነው የሚለው ሰውዬ ከእናቴ በላይ ነው የሚደውልልኝ። ያን ቀን አነሳሁት። በጉንጬና በትከሻዬ መሃል ያዝኩት።

ሴት ናት። ረጋ ብላ ነው የምታወራው። ስሜን በትክክል ጠራችው። ልብ በሉ፣ 12 ዓመት እዚህ ሀገር ስኖር ስሜን ባንዴ በትክክል የጠራ ፈረንጅ በጣት ይቆጠራል። ከመደወሏ በፊት ተለማምዳዋለች ማለት ነው። "ከሦስት ዓመት በፊት የመቅኔ ለጋሽ ሆነሽ ተመዝግበሽ ነበር" አለችኝ። አዎ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለአንድ የኛ ሰው ልጅ ተብሎ ተሰልፈን ጉንጫችንን ከውስጥ በጥጥ ጠረጉን። ከዛ ዳቦ በሻይ በልተን ወደየቤታችን። ረስቼው ነበር። "ከአንዲት ታማሚ ጋር ልትገጥሚ ትችያለሽ። ልጅ ናት፣ 9 ዓመቷ ነው፣ ሉኬሚያ ነው።"

ከዚህ በላይ አይነግሩህም። ስም የለ፣ ሀገር የለ።

እኔ ምን አልኩ? "አሁን እጄ ላይ እቃ አለ፣ ነገ ደውዪልኝ።"

እቃ።

"እሺ፣ ችግር የለም፣ ነገ" አለች። ቅሬታ እንኳ የለባትም። ምናለ ብትቆጣኝ። እንጀራውን ጫንኩ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ፣ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ቆጠረችው፣ 39 ነው። አንድ ጎደለ ብላ... ስለ አንድ እንጀራ ግማሽ ሰዓት ተነታረክን። እኔም ከልቤ ነው የተነታረክኩት። በመሃል አንድም ጊዜ ስለ ልጅቷ አላሰብኩም። አላሰብኩም ስላችሁ... አስቤ ሊሆን ይችላል። እንጀራውን ሙጭጭ ያልኩት ለዛ ሊሆን ይችላል። አላውቅም፣ አሁን ለራሴ እያሳመርኩት ይሆናል።

በማግስቱ ደወለች። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እስኪያቆም ድረስ አየሁት። የድምፅ መልእክት ተወች፣ 23 ሰከንድ።

ማታ ለእማዬ ደወልኩ። አዲስ አበባ ነጋ አልነጋም። "ምንሽን?" አለችኝ። መቅኔ ስላት አልገባትም፣ አስረዳኋት፣ ስትሰማ "ቅልጥምሽን?! ቅልጥምሽን ሊመጡት?" ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። "ገና አልወለድሽም፣ የኔ እናት። ሰው ሀገር አጥንትሽን አስቦርቡረሽ ማን ያስታምምሻል?" እኔም ተው እማዬ አላልኳትም። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። የሚከለክለኝ ሰው ነበር የምፈልገው።

አሁን እኮ አብዛኛው ሰው አጥንቱ አይነካም። አምስት ቀን መርፌ ትወጋለህ፣ ከዛ ከክንድህ ደም እየወጣ በማሽን ያልፍና ይመለስልሃል፣ የሰዓታት ነገር ነው። ከዳሌ አጥንት በሰመመን የሚወሰድም አለ፣ እሱ ያነሰ ነው። ይሄን ያወቅኩት መቼ ነው? አሁን፣ ስለ ካሬራስ ሳነብ። ያኔ ሴትየዋን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ለመንገር እኮ ነው የደወለችው።

ሌላም አነበብኩ። ወንድምና እህት ራሱ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። እዚህ ሀገር ነጭ ታማሚ መዝገብ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ነው ይላሉ፣ ጥቁር ከሆነ 29። ዘር ላይ ነው የሚሄደው፣ የተመዘገበውም ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ ከእኔ ጋር የምትገጥም የ9 ዓመት ልጅ ማን ልትሆን ትችላለች? አስቡት። ፀጉሯን ማን እንደሚሠራት ሁሉ አስቤያለሁ። ሹሩባ ይሁን... ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ምን ሹሩባ አለው። ተውት።

ሀገር ቤት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ማቲዎስ ልጅ ነው። በሉኬሚያ የሞተ ልጅ። እናትና አባቱ ናቸው ያቋቋሙት። የልጃቸውን ስም ሰጥተውት በየቀኑ እየጠሩት ይሠራሉ። እኔ የማላውቃትን ልጅ እንኳ... እሺ።

በ11ኛው ቀን ደወልኩ። በራሴ። ለምን በ11ኛው? ምንም የተለየ ነገር የለም፣ ማክሰኞ ነበር፣ ሻይ እያፈላሁ ነበር። ሌላ ሰው ነው ያነሳው፣ ወንድ። ቁልፍ ሲጫን ይሰማኛል። "ለአሁኑ አያስፈልግም። መዝገብ ላይ ትቆያለሽ። ስለደወልሽ በጣም እናመሰግናለን።" አያስፈልግም ማለት ምን ማለት ነው አልኩት። ሊነግረኝ አይፈቀድለትም። ከኔ የተሻለ የሚገጥም ተገኝቶ ይሆናል። መድኃኒቱ ሠርቶላት ይሆናል። ወይም...

ለባሌ ስነግረው "እሷ የደወለችው ለብዙ ሰው ነው፣ ልትገጥሚ ትችያለሽ ነው እንጂ ገጠምሽ አላለችሽም" አለኝ። ልክ ነው። እናንተም ይሄንኑ ልትጽፉልኝ ነው፣ አውቃለሁ፣ ልባችሁ ጥሩ ነው። እባካችሁ አትጻፉልኝ። በአንቺ አልተፈረደም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምናምን። እግዚአብሔር ማወቁን አውቃለሁ፣ ማወቅ የፈለግኩት እኔ ነኝ!

ይቅርታ። ጮህኩ። ኮቶቹም ደነገጡ።

አክስቴ የላከችውን ውሸት እኮ ለምን እንደወደድኩት አሁን ገባኝ መሰለኝ። እሱ ውስጥ የረዳውም የተረዳውም ይገናኛሉ። መድረክ ላይ። ተቃቅፈው። እውነተኛው ላይ ግን ሰውየው ስልክ የሚደወልበትን ነገር ይሠራል፣ ስልኩ ይደወላል፣ ከዛ በኋላ ያለው የሰዎቹ... አይ፣ ይሄ ደግሞ ስብከት ሆነ። እኔ ስለ ኦፔራ ምን አውቃለሁ።

ዛሬ ይዤው የገባሁት ስልኬን ነው። መልእክቷን። 23 ሰከንዷን። እስካሁን አልሰማኋትም። ስደውልላቸው ቁጥሩን ከጥሪ ዝርዝሩ ላይ ነው የወሰድኩት። እዚህ አብረን እንስማት ብዬ ነበር ሀሳቤ። ሰማያዊ ነጥብ አላት፣ ያልተሰማ ማለት ነው። ስልክ ስቀይር እንኳ ተከትላኝ መጣች፣ ነጥቧም እንዳለች።

እና... ቆዩ።

አይ። ባትሪው ደግሞ 6 በመቶ ነው። ቻርጀሩ መኪና ውስጥ...