ከ7 ሌሊት 3ቱ ረጥቦ ተሻለው ይባላል?

ከደብረ ብርሃን የደወሉ እናት፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ሌሊት አልጋ ላይ ይሸናል። ሕክምና ከጀመረ 3 ወሩ። ድሮ በየቀኑ ነበር፣ አሁን በሳምንት 3 ቀን ነው። አባቱ ግን «ምን ተለወጠ? ፍራሹ አሁንም ፀሐይ ላይ ነው» ይላል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ። የምንቆጥረው ፍራሹ መውጣቱን ሳይሆን ስንቴ እንደወጣ ነው። ከ7 ወደ 3 ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ከግማሽ በታች ቢቀንስ ሕክምናው አልሠራም እንል ነበር። ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ በከፊል ሠርቷል። ሙሉ በሙሉ ሠራ የሚባለው አንድም ሌሊት ሳይረጥብ ሲቀር ነው። ስለዚህ አባትየውም ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ ገና ይቀራል።

ግን «በየቀኑ» ያሉት ተቆጥሮ ነው? ሲሰለቸን ሁሉም ቀን ይመስለናል። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት 2 ሳምንት መቁጠር ነበረብን። አሁንም ግድግዳ ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ይበቃል፤ ለደረቀ ሌሊት አንድ ጭረት። ቀስቅሰው ያሸኑት ሌሊት ግን ሌላ ምልክት ይሰጠው፤ እሱ የእርስዎ ድካም እንጂ የልጁ መሻል አይደለም። የኅዳርን ውርጭ ከግንቦት ጋር አያወዳድሩ። ብርድ ሽንት ያበዛል፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ልጁንም ይጠይቁት። ለፋሲካ መንዝ አያቱ ቤት ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ተደርቦ ለመተኛት ካልሰጋ፣ ለእኔ ያ ከጭረቱ አያንስም። «ሽንታም» የሚል ካለ ግን ቤት ውስጥ ዝም ይበል።

ከመሐል ሜዳ የደወሉ አባት፦ የ6 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ሽንት ያመልጣታል። ሐኪሙ ስለ ሰገራዋ ጠየቀኝ፤ ምን አገናኘው?

መልስ፦ በደንብ ይገናኛል። ሆድ ሲደርቅ አንጀቱ ፊኛውን ይጫናል። ብዙ ጊዜ ድርቀቱን ቀድመን እናክማለን። የቀኑንና የሌሊቱን ለየብቻ ይቁጠሩ፤ አንዱ ሲሻል ሌላው ባለበት ሊቆይ ይችላል። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ሽንት ቤት እንድትሄድ አስተማሪዋን ያነጋግሩ። ሲያቃጥላት፣ ስታተኩስ ወይም ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ግን መቁጠሩን ትተው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ልጄ መድኃኒት ካቆመ 2 ወሩ፤ ትናንት አንዴ አረጠበ። አገረሸበት?

መልስ፦ አንዴ ማገርሸት አይደለም። በወር ከ1 ጊዜ በላይ ሲሆን ይመለሱ።