ቼስተር በሬዲዮ አያነክስም

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ የድራማ ክበባችን ወዳጆች፤

ኮሚቴው የጠራኝ የክበባችንን የ10 ዓመት ጉዞ በ15 ደቂቃ እንዳቀርብ ነው። ጽፌዋለሁ፤ ወረቀቱ ይኸው። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፤ እሱ ሳይወጣ ሌላው አይወጣልኝም።

እዚህ ካለነው ግማሾቻችን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድተናል። እሁድ ማታ ኤርፖርት ተሰልፎ ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ አስረዱ አትሉኝም። እኔ ሬዲዮዬን 88.5 ላይ እተክላለሁ። ኤድ ዎከር የሚባል ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው የድሮ የሬዲዮ ድራማዎችን ያሰማ ነበር። ነፍሱን ይማር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጨረሻ ዝግጅቱን ሆስፒታል ተኝቶ ቀዳና፣ በተላለፈ በሰዓታት ውስጥ አረፈ። የእኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ እሱ ነው፤ ክፍያም አልጠየቀኝ።

ከሚያሰማቸው ሁሉ የምወደው ጋንስሞክ የተባለውን የካውቦይ ድራማ ነበር። አንድ ዝናባማ ማታ ድራማው መሃል ላይ እያለ ተራዬ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ገቡ። ልቀንሰው እጄን ስዘረጋ «ተወው! ቼስተር ነው!» ብለው ጮኹብኝ። ቼስተር የማርሻሉ፣ የከተማዋ ሕግ አስከባሪ፣ ረዳት ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ቼስተር ተከራከርን። ለእሳቸው ቼስተር ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ነው። ለእኔ ግን የሰፈራችን ዘበኛ ነበር፤ አጭር፣ ካፖርቱ መሬት የሚጠርግ፣ ሌባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈራ፣ ቀጥሎ ግን የማይሸሽ። ቤታቸው ደርሰን እንኳ አልወረዱም። ሂሳቡን ዘግቼ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ እስኪያልቅ አብረን ሰማን። በኋላ የተዋናዩን ፎቶ ሳይ ሁለታችንም ተሸንፈናል፤ ክብ ፊት፣ ሞላ ያለ ሰው ነው! ፓርሊ ቤር ይባላል፤ ሰርከስ ውስጥም የሠራ ነው።

ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? ማርሻሉን ማት ዲለንን የሚጫወተው ዊሊያም ኮንራድ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ከባድ፣ የደከመው። ቤር አጠገቡ እንደ አሮጌ በር ማጠፊያ ይጎተታል። «ሚስተር ዲለን» የምትለዋን ሁለት ቃል አንዴ ሲለምንባት፣ አንዴ ሲያስጠነቅቅባት፣ አንዴ ሲያለቅስባት ትሰማላችሁ። ፕራውድፉት የሚለውን የቼስተርን የቤተሰብ ስም እንኳ ከጽሑፉ ውጭ አፉ ላይ እንደመጣለት የተናገረው ራሱ ነው። ታሪኩ የሚካሄድባትን የዶጅ ሲቲን መንገድ ማጀቢያው ያሰማናል፤ እርምጃ፣ የጫማ ብረት፣ ከሩቅ የውሻ ጩኸት። ከተማዋ ውስጥ ሰው እንዳለ ግን የምናምነው ቼስተር ሲነጫነጭ ነው።

አሁን ወደ ሕመሜ። ሬዲዮው እ.ኤ.አ. በ1952 ጀመረ። በ1955 ቴሌቪዥኑ መጣ። ኮንራድ ለካሜራ ሰውነቱ ከበደ፤ ሁለት ሜትር የሚደርሰው ጄምስ አርነስ ማርሻል ሆነ። ቤርም ቀረ፤ ሐኪሙም፣ የመጠጥ ቤቷ ሴት ኪቲም ለሌሎች ተዋናዮች ተሰጡ። ቼስተርን የወሰደው ዴኒስ ዊቨር ጎበዝ ነው፤ አልዋሽም፣ ተሸልሞበታል። ግን ምን አደረጉት? እግሩን አደረቁበት! ረዳት ሆኖ ለምን እንደ ማርሻሉ እንደማይታኮስ ለዓይን ምክንያት ያስፈልጋል ተብሎ አነከሰ። በሬዲዮ ቼስተር አያነክስም። ፓርሊ ቤር ሦስት ዓመት ሙሉ በጉሮሮው ብቻ የሠራውን ሰው፣ ካሜራ ያለ ምርኩዝ ማቆም አቃተው! እነዚያ የተናቁ ድምፆች ደግሞ ቴሌቪዥኑ እየታየ እስከ 1961 ድረስ ሬዲዮው ላይ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህን ለምን እንደማወራ የገባው ገብቶታል። ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ ከእንግዲህ ድራማችን በቪዲዮ ይሆናል ተባለ። ይሁን። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው እህታችን ግን «ለካሜራ አትሆኚም» ተባለች። እኛን በ10 ዓመት ውስጥ አያት ሆና ያስለቀሰችን፣ ሙሽራ ሆና ያስጨፈረችን፣ ማጀቢያ የጠፋ ቀን አህያ ሆና ያናፋችልን ሴት! ማነው ለማን የማይሆነው? ካሜራው ለእሷ አልሆነም በሉ እንጂ! ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ቀጥ ብሎ ያደመጠ ትውልድ፣ እዚህ መጥቶ ሰውን በፊት ይመርጣል?

እሺ፣ ኮሚቴው ሰዓት እያሳየኝ ነው። ስለ ክበቡ አመሠራረት፦ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በአንድ ማይክሮፎን ጀመርን፤ ታውቁታላችሁ። ሒሳቡን ገንዘብ ያዧ ታነባለች። ስለ ወደፊት ዕቅድ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ለጸሐፊው እሰጠዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ። እህታችን በሚቀጥለው ድራማ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እንድትጫወት፣ ካሜራ ኖረም አልኖረም፣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድምፅ ይሰጥበት። እጅ አታውጡ፤ እጅማ ካሜራም ያየዋል። እዚያ ከኋላ ያላችሁ፣ መብራቱን አጥፉልኝ። የምትደግፉ በአፋችሁ ተናገሩ።