ጓንቱ የሚሸጋገርባት ቅጽበት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ሰሞኑን አንድ የቆየ የቤዝቦል ቪዲዮ ደጋግሜ እያስቆምኩ ስመለከት ሰንብቻለሁ። የማስቆመው ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ መቺው ዘንድ እስክትደርስ ባለችው፣ ግማሽ ሰከንድ እንኳ በማትሞላ ቅጽበት ላይ ነው። ወርዋሪው ጂም አቦት ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በፍሊንት ከተማ ሲወለድ ቀኝ እጁ መዳፍም ጣትም አልነበረውም።

በግራው ሊወረውር ሲዘጋጅ ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ያስደግፈዋል፤ ኳሷን እንደለቀቀ ግራ እጁን ጓንቱ ውስጥ ይከታል፤ ተመትታ ከተመለሰችም ይቀልባትና ጓንቱን ከደረቱ አጣብቆ፣ እጁን መዝዞ መልሶ ይወረውራታል። ይህን የተማረው በልጅነቱ ከጡብ ግድግዳ ጋር እየተጫወተ፣ በለመደ ቁጥርም ወደ ግድግዳው እየተጠጋ ነው። ተቃራኒ ቡድኖች ድክመቱን ያገኙ መስሏቸው ኳሷን በአጭሩ እየነኩ ሆን ብለው ወደ እሱ ይሰዱለት ነበር፤ እሱም አንስቶ በመወርወር ከጨዋታ ውጪ ያደርጋቸው ነበር።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሳለ ለአገሪቱ ምርጥ አማተር ስፖርተኛ የሚሰጠውን የ1987 ሱሊቫን ሽልማት ከቤዝቦል ተጫዋቾች ቀዳሚ ሆኖ ወሰደ። በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ፣ ቤዝቦል ገና ለትርኢት በቀረበበት ውድድር፣ ከጃፓን ጋር የተደረገውን ፍጻሜ እስከ መጨረሻው ወርውሮ 5 ለ 3 አሸነፈ። በ1989 በታችኛው ሊግ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ በቀጥታ ለከፍተኛው ሊግ ቡድን ለካሊፎርኒያ ኤንጀልስ ተሰለፈ፤ በ1991ም 18 ጨዋታ አሸነፈ፤ በቤዝቦል ድልም ሽንፈትም በወርዋሪው ስም ይመዘገባልና።

ብዙ ሰው የሚያወራለት ሴፕቴምበር 4 ቀን 1993 ለኒውዮርክ ያንኪስ ተሰልፎ፣ ክሊቭላንድን አንድም የተሳካ ምት ሳያስመታ ያሸነፈበትን ቀን ነው። ከስድስት ቀን በፊት ይኸው ቡድን ክፉኛ መትቶት ስለነበር እኔም ያን ቀን እወደዋለሁ። ይበልጥ የሚያቆመኝ ግን 1996 ነው። ያን ዓመት 2 አሸንፎ 18 ተሸነፈ። ምክንያቱ እጁ አልነበረም፤ የውርወራው ፍጥነት ቀንሶ ነበርና መቺዎች እንደማንኛውም ደካማ ወርዋሪ መቱት፣ ማንም አላዘነለትም። ሕፃን ሳለ ጀምሮ የፈለገው ክብር ይህ ይመስለኛል፤ ሽንፈቱ ሳይቀር እንደ ሌላው ሰው ሽንፈት ተቆጠረለት።

በ1997 ከሜዳ ራቀ፤ በ1998 ግን ከታችኛው ሊግ ተነሥቶ፣ በቺካጎ ዋይት ሶክስ ማሊያ አምስት ጨዋታ ጀምሮ አምስቱንም አሸነፈ። የመጨረሻ ዓመቱን፣ 1999ን፣ ያሳለፈው በሚልዋኪ ነው። ቡድኑ በነበረበት ሊግ ያኔ ወርዋሪዎች ራሳቸው ዱላ ይዘው ለመምታት ይወጡ ነበርና፣ እሱም ዱላውን በግራ እጁ ጨብጦ፣ በቀኝ ክንዱ ደግፎ ወጣና ሁለት ጊዜ መታ።